ከሦስተኛው እስከ አራተኛው

ከመጨረሻው አጥር ማዶ፣ መንገዱ ሽቅብ ሲታጠፍ፣
እናቴ አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ግራ ጉልበቷ አይታጠፍ፣
የጫማዋን ክር አሰረች፤
«ሰባት ጊዜ እንሻገራለን፣ ቁጠሪ» ብላኝ ቀደመች።

ሳሪ ቡላክ በጎናችን፣ የቲየን ሻንን በረዶ ጠጥቶ፣
ወተት ጠብ ያለበት ሰማይ መስሎ፣
ከድንጋይ ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ደግሞ ተጣልቶ፣
ይወርዳል። እኛ እንወጣለን።
እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ትከሻ ለትከሻ እንተላለፋለን።

ጥዱ ሲጀምር ድምፃችን ጠፋ፤
የስንት ዘመን ርጋፊ ከእግራችን ሥር እንደ ፍራሽ ሰፋ።
አንዱ ዛፍ ላይ ሙጫ ወርዷል፤ ሙጫው ላይ አንዲት ጉንዳን
አንድ እግሯን አንስታ ቀርታለች፣ መሄድ መቅረቷን ሳትወስን።

የመጀመሪያው መሻገሪያ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ።
ሁለተኛው ጫማ ያስወልቃል፤ ውሃው አጥንት ገልጦ የሚያይ።
ሦስተኛው ላይ ተከራከርን።
«በቀኝ ነበር የምንሄደው።»
«ምልክቱ በግራ ነው፣ እማ።»
«ምልክቱን ማን ቀባው?
ከቢሽኬክ የመጣ ልጅ ነዋ፣ ቀለም በቆርቆሮ ይዞ!
አባትሽ ይህን መንገድ በጉም፣ በሌሊት፣ በብርድ ደንዝዞ
ይወጣው ነበር፣ የፈረሱን ጭራ ይዞ።
አራተኛው ላይ ጫማ አናወልቅም፤ እሱ የጣለው ግንድ አለ፣
እግር እንዳያዳልጥ በየስንዝሩ ጥርስ ያበቀለ።»

ግንዱ ግን ቀድሞን ወርዷል።
ከመታጠፊያው ሥር፣ በሁለት ቋጥኝ መሐል፣ በጎኑ ተጋድሟል።
የአምናው ጎርፍ ነው፣ ላይኛው ሐይቅ ሌሊት ሲፈነዳ
ነቅሎ ያመጣው። ቅርፊቱ የለም፤ ገላው እንደ አጥንት ነጥቷል፤
ጥርሶቹ ግን አሉ። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስምንት።
ዘጠነኛው ይጣመማል፤
አባቴ መጥረቢያውን ሲያወርድ ያነጠሰው ይመስላል።

ውሃ ግንድ ይዞ ይዞራል፣ ማደሪያ ባይኖረው፤
ይኼኛው ግን ደከመው መሰል፣ እዚህ ላይ አሳደረው።

ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን በስርቆት አየሁ።
እናቴ ግንዱ ላይ ተቀመጠች፤
ጫማዋን አወለቀች፤
አንዲት ጠጠር አራገፈች።
«ከሁለተኛው ጀምሮ ስትበላኝ ነበር» አለች።
ዳቦ ቆረሰችልኝ። ስትነሳ
ግንዱን በመዳፏ ቸብ አደረገችው፣ እንደ ደከመ ፈረስ አንገት፤
ሌላ ነገር አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

አራተኛው ጋ ስንደርስ፣ ወዲህ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
ወዲያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
በመሐላቸው ባዶ አየር፣ በሥሩ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ።
የቦርሳዬን ማንገቻ ጨብጣ፣ እስከ ጭን ገብተን አለፍን፤
እየተሳደበች፤ ማንን እንደሆነ አልገባኝም፣
ጎርፉን ይሁን አባቴን።

ከዚያ ጥዱ በድንገት አለቀ፤ ሰማዩ ተዘረገፈብን፤
ጨፌው፣ ወይንጠጅ አበባው እስከ ጉልበት፣ ጤዛውን አራገፈብን።
ጅረቱ እዚህ ሌላ ሰው ነው፤ አይጮኽም፣ አይቸኩልም፤
ሣር ለሣር ይጠማዘዛል፤ አጎንብሰው ካላዩት አይታይም።
ማርሞት ከጉድጓዱ ብቅ አለና አፏጨ፤
ከክቡ ድንኳን ውሻ መለሰለት።

ፈረስ አርቢው ሻርሸን ኩሚስ በጎድጓዳ ሳህን ቀዳልን፤
ወሬውን ሰምቷል፤ አንገቱን ደፍቶ ጠየቀን፦
«ነገ በሁለት ፈረስ ጎትቼ፣ ወደ ቦታው ልመልሰው?»
እናቴ ሳህኑን አዙራ አዙራ ጨለጠችው።
«ተወው፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ፣
ከሦስተኛው እስከ አራተኛው መቀመጫ አልነበረም፣
ትንፋሽ እስኪመለስ።»

ማታ፣ ካልሲያችን ገመድ ላይ ተገልብጦ ሲንጠለጠል፣
«ስንት ተሻገርን?» አለችኝ።
«ስድስት። አንዱ ጠፍቶኛል።»
ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች፤ ወደ ግድግዳው ዞረች።
«ስንወርድ ይገኛል።»